ፍሬኑ የት ላይ ነበር

አልሚሪ፣ ኤቪያ ደሴት
ኦክቶበር 19፣ የቅዱስ ሉቃስ በዓል ማግስት

ለምወድህ ልጄ ለፓንዴሊስ፣
ሮተርዳም

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልስህን አውቀዋለሁ። «ደህና ነኝ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት መጥቼብሃለሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ካልተመቸህ አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ሲመችህ ታወጣዋለህ፤ እኔ እዚያው ሆኜ እጠብቅሃለሁ።

ጽሑፌ ቢጣመም አትሳቀቅ። ጣቴን ክር ቆርጦኛል፣ መዳፌም ከመቅዘፊያው የተነሳ ተልጧል። ከምን እንደሆነ ስነግርህ ከወንበርህ እንዳትወድቅ። ትናንት ማያቲኮ ያዝኩ። እኔ እናትህ፣ ከወንድምህ ከአርጊሪስ ካያክ፣ ከዚያ ያንድ ሰው ጀልባ ላይ ሆኜ፣ በአርጊሪስ ዘንግ፣ አንተ በሰጠኸው የክር ማጠንጠኛ። ያንን ጎኑ ላይ የወርቅ መስመር ያለበትን፣ ጉልበተኛውን ዓሣ። አበልጃችን ስትራቲስ በሚዛኑ ሰቅሎ አሥራ አንድ ኪሎ ብሎኛል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳጋድመው ጭራው ተርፎ ተንጠለጠለ፤ ድመቷ ፈርታ ወጣች።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ እጄ የለመደው መረብ መጠገን እንጂ ብዕር አይደለም። ግን ካልተናገርኩት እንቅልፍ የማይሰጠኝ ነገር አለ፤ በተራ በተራ ልንገርህ።

ካያኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎሚው ሥር ተገልብጦ ነበር። ለቀብሩ በመጣህ ጊዜ አይተኸዋል። ድመቷ ከሥሩ ወለደች፣ ቅጠል ሸፈነው፣ እኔም ስወጣ ስገባ ፊቴን አዞርኩበት። የሙት ዓመቱ ደርሶ ስንዴውን ቀቅለን፣ ሮማንና ስኳር ጨምረን በቤተ ክርስቲያን ካከፋፈልን በኋላ ስትራቲስን ጠራሁት።

«ውሰደው አበልጄ» አልኩት። «ሽጠው። ዓይኔ አይየው።»

«ታጥቦ ነው የሚሸጠው» አለኝ። «እንዲህ ሆኖ ማን ይገዛዋል? ዶሮ ቤት ነው የሚመስለው።»

አጠብኩት። ገልብጬ ሳቀናው የመቀመጫው ስፖንጅ ጎድጉዶ አየሁት፤ አርጊሪስ ተቀምጦ ተቀምጦ ያጎደጎደው ነው። በግቢው ማንም አልነበረም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ተቀመጥኩበት። ልክክ አለልኝ። «ይህን ዳሌ ያወረስሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሱሪ ባጣሁ ቁጥር አንቺን ነው የማማ» ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም።

ስትራቲስ በማግስቱ ሊወስደው ጋሪ ይዞ መጣ።

«አይሸጥም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልታደርጊበት ነው? ሽንኩርት ልትተክይበት?»

«ልቀዝፈው ነው።»

ከጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። «አንቺ ዛፊሮ» አለኝ፣ «ጥቁርሽን ለብሰሽ፣ ሻሽሽን አስረሽ በዚህ ላይ ከወጣሽ የወደቡ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? መልአከ ሞት ጀልባ ገዛ ነው የሚሉት።»

«ይበሉ። እነሱን ለመውሰድ የመጣሁ መስሏቸው ትንሽ ንስሐ ይገቡ ይሆናል።»

በጁን ነው የጀመርኩት። ከጥቁር ቀሚሴ ላይ ብርቱካንማውን ተንሳፋፊ ሰደርያ እለብሳለሁ፤ ያለ እሱ አልወጣም፣ ስለዚህ አትስጋ። የቡና ቤቱ ፎቲስ በየጠዋቱ ወንበሩን አውጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ዛፊሮ፣ ዛሬስ የት ነው? ስኪሮስ ደሴት ደርሰሽ ለምሳ ትመለሻለሽ?» ይለኛል። «አንተ ወንበርህን ጠብቅ፣ እንዳይነሳብህ» እለዋለሁ። ከሳምንታት በኋላ ግን ዝም አለ። አንድ ቀን እንዲያውም ካያኩን ከአሸዋው ወደ ውኃው ገፋልኝ። እንዳላየሁት ሆንኩ፤ ካመሰገንኩት ያፍራል።

መጀመሪያ ለመቅዘፍ ብቻ ነበር የምወጣው። ከአባቴ ጋር መረብ ስጥል ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ባሕሩ አልከበደኝም። የከበደኝ ባዶ እጄን መውጣት ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ባዶ እጁን ባሕር ላይ ሲዞር እብድ ይመስላል። ዘንጉ መጋዘን ነበር። ማጠንጠኛዋ ግን የት እንደነበረች አንተ አታውቅም፤ ማንም አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፣ አንተም ታገሰኝ።

አርጊሪስ በሰመጠ ቀን፣ በብሥራት በዓል ማግስት፣ ካያኩን ከአፋፉ በታች ተገልብጦ ያገኙት ሰዎች ዘንጉን በማሰሪያው እንደተንጠለጠለ ነው ያመጡት። ክሩ የሚጠቀለልበት የማጠንጠኛዋ ከበሮ ላይ አንድ ክንድ ክር እንኳ አልቀረም። ወደብ ላይ የነበረው ሁሉ ባዶውን ከበሮ አየና ሁሉም አንድ ነገር አለ፤ «ምን ዓይነት ዓሣ ቢሆን ነው።» ለቅሶ የደረሰው ሁሉ እጄን ይዞ ይህንኑ ነገረኝ። ክፋት የለባቸውም። እኛ ጋ ሰው ታሞ ከሞተ ይረሳል፤ ትልቅ ዓሣ የወሰደው ሰው ግን ቡና ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ይኖራል። ለልጄ ዕድሜ ሊጨምሩለት ነው የፈለጉት።

አንተ ግን በሩ ላይ ቆመህ ሰማሃቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገርከው። «ፍሬኑ የት ላይ ነበር?» አልክ። ማንም አልመለሰልህም። በሦስተኛው ቀን ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣህም።

ያቺን ገና እኔም አስታውሳለሁ። ማጠንጠኛዋን ከካርቶኗ አውጥተህ፣ ሚዛን ከሎሚው ዛፍ ጋር አስረህ፣ ክሩን እየሳብክ ፍሬኑን ስታጠብቅ። «ስምንት ኪሎ ይያዝ» አልከው። «ማያቲኮ ርኅራኄ አያውቅም። ማንሻዋን መሐል ላይ አድርግና እርሳት፣ ዓሣው ራሱ መንጠቆው ላይ ይሰካል። አንድ ክንድ አትልቀቅለት፣ ከለቀቅክለት ድንጋይ ውስጥ ይገባብሃል።» ከጎረቤት የጥፍር ቀለም ለምነህም ቁልፏ ላይ ቀይ መስመር አሰመርክ፣ እንዳይነካካት። አርጊሪስ እጁን ወደኋላ አድርጎ እንደ ተማሪ ያዳምጥህ ነበር።

ለቅሶው ላይ ያልከውን ሰምቼሃለሁ። ያንኑ ማታ ማጠንጠኛዋን በአርጊሪስ ሸሚዝ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስገባኋት። ማንም እንዲያያት አልፈለግሁም። ከዚህ በላይ አልልም።

መቅዘፍ ከጀመርኩ በኋላ ግን አወጣኋትና ለስትራቲስ ወሰድኩለት። ሸሚዙን ቀስ ብሎ ፈታው፤ የክርስትና ልጁ አይደል። ማንሻዋን ሊገፋ ሞከረ፣ እንቢ አለችው።

«ጨው ነክሷታል» አለ። ለብ ባለ ውኃ ላይ ኮምጣጤ ጨምሮ በጨርቅ ደጋግሞ አሻት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወደ ባሕሩ ነበር የማየው። በመጨረሻ ቀጭ ብላ ተፈታች።

«አየሽ» አለኝ፣ «ይህች ማንሻ እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ናት። ወደኋላ ስትተኛ ከበሮው ነፃ ነው፤ ዓሣው ክሩን እንዳሻው ይወስዳል። መሐል ስትደርስ ይይዛል። እስከ ጥግ መግፋት ደግሞ ትልቅ ጀልባ ላለው ሰው ነው፤ አንቺ እርሺው። ይህች ቁልፍ መሐል ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚይዝ ትወስናለች።» ክሩን በእጁ ጠምጥሞ ሳብ ሳብ አደረገው። «አራት ኪሎ ቢይዝ ነው። ለካያክ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢይዝ ዓሣው ይገለብጥሻል። ቁልፏን አትንኪያት።» አዲስ ክር ሞላልኝ፤ ክር ሲወጣ የምትንጫጫውን ትንሿን መቀስቀሻም ዘይት ነካ አደረጋት። አርጊሪስ «ጯሂዋ» ነበር የሚላት። ጥርርር አለች። ልጄ፣ የድምፅዋ ነገር። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ሲሞክራት እሰማት የነበረችው ያችው ናት።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መርፌ አፏን፣ ማባበያ የምትሆነውን ዓሣ፣ በሕይወት መያዝ ራሱ አንድ ሙያ ነው። ያቺ ቀጭን ዓሣ ገና በዓይንህ ስታያት ትሞታለች። በባልዲ ውኃ እየቀየርኩ፣ በእርጥብ እጅ እየያዝኩ፣ አፏን በክር አስሬ ሁለተኛውን መንጠቆ ከጎኗ ሳሳልፍ ስንቷን እንደገደልኩ አልነግርህም። ድመቷ ግን በዚህ ዓመት ወፍራለች።

ስትራቲስ በጀልባው እየተከተለ ይጮህብኛል። «ቀስ! ሰርግ ቤት የምትሮጪ አስመሰልሽው። አሮጊት ደግፈሽ ቤተ ክርስቲያን እንደምትወጪ አድርገሽ ቅዘፊ። ማባበያዋ መዋኘት ነው ያለባት፣ መጎተት አይደለም።»

«አሮጊቷ ማን ናት?»

«አንቺው ነሽ፣ ሁለታችሁም አንቺ ናችሁ።»

ፍሬኑን ደግሞ እንዲህ አስተማረኝ። ማንሻዋን ከኋላ አንሥተህ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደፊት ታመጣታለህ። መርፌ አፏና ወደ ታች የምታሰምጣት የእርሳስ ክብደት ክሩን መውሰድ እንዳይችሉ፣ አንተ ግን በሁለት ጣት ስትስበው ያለ ክርክር እንዲመጣ። ጯሂዋን ትከፍታታለህ። ዓሣው ሲወስድ ጥርርር ትላለች። ያኔ እጅህን ሰብስበህ ትጸልያለህ።

«ምን ብዬ?» አልኩት፤ የሚቀልድ መስሎኝ።

«አባታችን ሆይ በይ። ሳትቸኩይ፣ በቅዳሴ ዜማ። ዓሣው አፉ ውስጥ አገላብጦ እስኪውጣት ጊዜ ስጪው። ‹የዕለት እንጀራችንን› ላይ ስትደርሺ ማንሻዋን መሐል ግፊያት። ቀድመሽ ከገፋሽ ከአፉ ትነጥቂዋለሽ። ‹በደላችንን ይቅር በለን› እስክትይ ከቆየሽ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ከትቷት ድንጋይ ሥር ገብቷል።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «አርጊሪስንም ያስተማርኩት እንዲህ ነው» አለ። «ሰባት ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ሌላ አስተማረው። በመጨረሻው ቀን የማንን እንደተከተለ አላውቅም።» ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እንግዲህ ያለፈው ማክሰኞ ምን እንደሆነ ስማ።

ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር። ከቅዱስ ኒኮላዎስ ጸሎት ቤት ፊት ለፊት ቀስ እያልኩ እቀዝፋለሁ። ስትራቲስ ራቅ ብሎ መረቡን ያወጣል። ከቀትር በፊት ከተራራው ትንሽ ነፋስ ጀመረ፤ ያን ያህል አይደለም፣ ሻሼን የሚያንሳፍፍ ብቻ። ድንገት ዘንጉ ጎንበስ አለ፣ ጯሂዋም ጥርርር አለች።

መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ ጣልኩትና ጀመርኩ። አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር። ክሩ ይወጣል። ስምህ ይቀደስ። ይወጣል። የዕለት እንጀራችንን ላይ ደረስኩ፣ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ማንሻዋን መግፋት አቃተኝ። ስምንት ኪሎ፣ ቀይ መስመር፣ አርጊሪስ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። ዘንጉን ብቻ ጨብጬ ጸሎቱን ቀጠልኩ። በደላችንን ይቅር በለን አልኩ፣ ከክፉ ሁሉ አድነን አልኩ፣ አሜን አልኩ። ክሩ ያው ነው። አይፈጥንም፣ አይቆምም፣ አይዞርም። አንድ ዓይነት፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጥርርር።

ስትራቲስ አይቶኝ ሞተሩን አስነሳ። «ያዝሽው እንዴ?» ይላል ከሩቅ። «ግፊያት! ምን ትጠብቂያለሽ? ስንት ኪሎ ይሆናል? ወይኔ፣ ከበሮውን ሊጨርሰው ነው፣ ምን ዓይነት ዓሣ ነው!»

ይህን ቃል ስሰማ ቀና አልኩ። ጸሎት ቤቱን አየሁት። ቅድም መስኮቱን እቆጥረው የነበረው ጸሎት ቤት እንደ ስኳር አንኳር አንሶ ነበር።

ፓንዴሊስ፣ ማንም ክሩን አልወሰደውም። እርሳሷ ድንጋይ ውስጥ ተሰክታ ነበር። የምሄደው እኔ ነበርኩ። መቅዘፍ ስተው ነፋሱ ካያኩን ይዞት እየሄደ ነው፤ ፍሬኑ ወደኋላ ስለሆነ ክሩ ያለ ተቃውሞ ይፈታል። ከበሮው እየመነመነ፣ ከሥር ብረቱ ሊታይ ቀርቦ ነበር። ትንሽ ብቆይ ባዶ ይሆናል። ልክ እንደዚያ ባዶ።

ስትራቲስ አጠገቤ ደርሶ ነበር። «ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ እንደገና።

«የተራራውን ያህል» አልኩት። «ድንጋይ ነው አበልጄ። ዓሣ የለም። ከበሮውን እየው።»

አየው። ክሩን አየው፣ ጸሎት ቤቱን አየው፣ ነፋሱ የሚመጣበትንም አየ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ሰባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው፤ እሱም እንኳ ክር ሲወጣ ሲያይ የጮኸው ዓሣ ብሎ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ባዶ ከበሮ አይቶ ድንጋይ የሚል አጥማጅ እዚህ ዳርቻ ላይ አልተወለደም።

«አሁን ግፊያት» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማንሻዋን መሐል ገፋኋት። ካያኩ ቀጥ አለ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ትንሽ ቆይቶም ታች፣ ከእርሳሷ አጠገብ፣ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ከበሮው ላይ የቀረው እንዳለ ቀረ። ስማኝ ልጄ፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው። ፍሬኑ ይዞ ቢሆን ኖሮ ክሩ ታች ይበጠሳል፣ ከበሮውም ባዶ አይሆንም። ከበሮው ባዶ የሚሆነው ፍሬኑ ተኝቶ ካያኩ ብቻውን ሲንሳፈፍ ነው፤ ያኔ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ይፈታል። የአርጊሪስ ክር የተበጠሰው ከከበሮው ጋር ከታሰረበት ቋጠሮ ላይ ነበር።

ወደ ቤት መጣን። ማጠንጠኛዋን ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት። ስትራቲስ መነጽሩን አደረገ። ማንሻዋ ለወራት ተጣብቃበት የኖረችው ቦታ ላይ ኮምጣጤው ያልለቀቀው ነጭ የጨው ጠርዝ አለ። ያለው ከኋላ ነው። ከኋላ ትንሽ ብቻ ወደፊት፣ ስትራቲስ ባስተማረኝ ልክ ላይ።

ከዚያ ቁልፏን አዞረና ቀዩን መስመርህን አሳየኝ። ከቦታው የለም። አንድ ዙር ተኩል ወደኋላ ተመልሷል። ወንድምህ ያጠበቅከውን ፈትቶት ነበር። ስምንቱን አራት አድርጎት ነበር።

«አየሽው ይህን ልጅ» አለ ስትራቲስ። «ለወንድሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

«እንዴት ብሎ ይነግረዋል? ታላቁ አይደል» አልኩት። እዚያው ሎሚው ሥር ሁለታችንም አለቀስን፤ ግን እንደበፊቱ ለቅሶ አልነበረም። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሸክም ሲያወርዱ ትከሻ እንደሚያመው ነው።

ነፋስ ነው የወሰደው፣ ልጄ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተራራው ነፋስ ወርዶ እንደነበር፣ የስንቱ መረብ እንደተቀደደ፣ ወደቡ ሁሉ ያውቃል። ግን ዓሣ እያለ ስለ ነፋስ ማን ያወራል።

ስትራቲስ በዚያው ወደ ፎቲስ ቡና ቤት ሄዶ ለሁሉም ነገራቸው። ፎቲስ ተቆጣ አሉ። «ለሟቹ የነበረችውን አንዲት ዓሣ ለምን ትነጥቀዋለህ?» አለው። ስትራቲስም «ሟቹ ዓሣ አያስፈልገውም፣ ይህ ለቋሚው ነው» ብሎ መለሰለት። ቋሚው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ትናንት። ለቅዱስ ሉቃስ አስቀድሼ፣ ጥቁሬን ሳልቀይር ወጣሁ። እዚያው ጸሎት ቤቱ ፊት ለፊት ጯሂዋ ተነሣች፤ ይህኛው ግን ልብስ ስፌት መኪና አይደለም። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ዞሮ እንደገና ይሮጣል። ወዲያው አወቅሁት። ጸሎቴን በዜማ ጀመርኩ፣ የዕለት እንጀራችንን አልኩና ገፋሁ። ያን ጊዜ የሆነውን ብታይ። ካያኩ አፍንጫውን አዙሮ እንደ ውርንጭላ ተከተለው። ወደ ፊት ነው የሚጎትተው እንጂ ወደ ጎን አይገለብጥም፤ ክሩ ሲጠብቅ ፍሬኑ ይለቅለታል፣ ሲደክመው እኔ እሰበስባለሁ። ውኃ ረጨኝ፣ ሻሼ ወለቀ፣ ስሳደብም ነበር መሰለኝ።

ስትራቲስ ጎኔ ደርሶ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እርዳኝ እንጂ!»

«እኔ ምስክር ነኝ፣ ረዳት አይደለሁም» አለኝ። «ደግሞ በበዓል ቀን የተሳደብሽውን ለቄሳችን ለፓፓ ዲሞስ እነግራለሁ።»

ሳቅኩ። አሥራ አንድ ኪሎ ዓሣ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ እየጎተተኝ፣ ጣቴ እየደማ፣ በባሕሩ መካከል ሳቅኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ዓሣውን አስቀድሜ የነገርኩህ እንድታነብልኝ ብዬ ነው። የጻፍኩልህ ግን ስለ ድንጋዩ ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቀህ መልስ ሳታገኝ ሄደህ ነበር። መልሱ ይኸው፤ ፍሬኑ ከኋላ ነበር። ያንተ እጅ አልነበረበትም።

የዓሣውን ጭንቅላት ለስትራቲስ ሰጠሁት፣ ሾርባ ያበስልበታል። ወገቡን ለፎቲስ ላክሁለት፣ ተቀበለኝ። ጥሩውን ሥጋ ግን ላንተ ጨው አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቆይም።

ስትራቲስ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይለኛል። ከባሕር ስትመለሺ ማጠንጠኛዋን በንጹሕ ውኃ እጠቢ፣ ፍሬኑንም ፍቺው። ጠብቆ ያደረ ፍሬን ውስጡ ይጣበቃል፣ ኋላ በሚያስፈልግሽ ጊዜ አይታዘዝሽም። የአርጊሪስን አጥቤ፣ ፈትቼ፣ በሸሚዙ ሳይሆን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫታለሁ። የሚፈልግ ሁሉ ያያታል።

የቅዱስ ኒኮላዎስ ጥበቃ አይለይህ። የምትሠራበት ብረት እጅህን አያግኘው፣ የዚያ አገር ብርድ ደረትህን አይንካው። አባትህ ከሄደበት ሆኖ ይባርክህ፣ ወንድምህም ከዚያው ሆኖ ያስብህ፤ እኔ በየጠዋቱ ውኃው ላይ ሆኜ ስምህን እጠራለሁ።

እናትህ
ዛፊሮ

ያንተ ዘንግና ማጠንጠኛ መጋዘኑ ጣሪያ ሥር፣ እንደሰቀልከው አለ። ስጠርግ አየሁት፤ ፍሬኑ እንደጠበቀ ነው። ስትራቲስ ልፍታው ቢል ከለከልኩት። ባለቤቱ ይፍታው።